ከጨጓራ ወደ ልብ፦ የምግብ መፍጫ ሕመሞችና የልብ በሽታ ያላቸውን ትስስር በዘረመል መረጃ ለመመርመር ዝርዝር መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች ተራ ከሚጠብቁት መካከል «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ከዚህ አቤቱታ ጀርባ የሚገኘው ሕመም ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ከምግብ በኋላ ወደ ጉሮሮው የሚወጣ ቃር ያሠቃየዋል፤ ሌላው የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት ቁስለት አለበት፤ ሦስተኛው በሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ባክቴሪያ የመጣ የጨጓራ ብግነት ይዞታል። ከእነርሱ መካከል ሕመሙ ከነጭራሹ ከሆዱ ያልተነሣ፣ ልቡ ደም ያጠረው ሰውም ይኖራል።

የሆድና የልብ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው መገኘታቸው የተለመደ ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ አንዱ ሌላውን ያመጣል ወይ የሚለው ነው። ቃር ለልብ ሕመም ምክንያት ከሆነ ቃርን ማከም ልብን ይጠብቃል። ምክንያት ካልሆነ ግን ለታማሚው የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለዓመታት ብናዝዝለት ልቡን አናድንለትም። ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ በዘረመል መረጃ እንዴት መመርመር እንደሚቻል ያሳያል። የጻፍኩት በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ለሚማሩና ለሚያስተምሩ፣ እንዲሁም በዞኑ ሆስፒታሎች እየሠሩ የምርምር ፍላጎት ላላቸው ባለሙያዎች ነው። ሥራው ቤተ ሙከራም የደም ናሙናም አይፈልግም። አንድ ላፕቶፕ፣ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌርና ብዙ ትዕግሥት ይበቃሉ።

ለምን ዘረመል?

ጉልበቱንና ወገቡን የሚያመው አንድ የመንዝ ገበሬ እናስብ። ከመድኃኒት መደብር ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን እየገዛ ለወራት ይውጣል። እነዚህ ማስታገሻዎች የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳሉ፤ በልብ ድካምና በልብ ድንገተኛ ሕመም የመያዝ ዕድልንም ይጨምራሉ። ይህን ሰው ከጎረቤቱ ጋር ያነጻጸረ ተመራማሪ የጨጓራ ቁስለትና የልብ ሕመም አብረው ሲሄዱ ያያል፤ አንዱ ሌላውን አመጣ ብሎ ቢጽፍም አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ሁለቱም የመጡት ከኪኒኑ መሆኑ ነው። ትምባሆ፣ አረቄ፣ የሰውነት ክብደትና ድህነትም እንዲሁ በሁለቱም በኩል ይሠራሉ። እንዲህ ያሉትን ከዚህ በኋላ አደናጋሪዎች እላቸዋለሁ።

ችግሩ በዚህ አያበቃም፤ ነገሩ ሊገለበጥም ይችላል። ልቡ የደከመ ሰው ጉበቱና አንጀቱ ውስጥ ደም ስለሚቋጠር ምግብ ይጠላል፣ ሆዱ ይነፋል። ለልቡ የታዘዘለት አስፒሪንም ጨጓራውን ያቆስላል። የሆድ ሕመሙ ከልቡ በፊት ተመዝግቦ ቢገኝ እንኳ የትኛው ቀድሞ እንደተነሣ በእርግጠኝነት አይታወቅም።

የዘረመል መረጃ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ከአባትና ከእናት የምንወርሰው የዘረመል ቅጂ የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው እንደ ዕቁብ እጣ ነው፤ ሀብታምና ድሃ፣ አጫሽና የማያጨስ ብሎ አይመርጥም። እጣው የሚወጣው ደግሞ ከመወለዳችን በፊት ስለሆነ በኋላ የመጣ የልብ ሕመም ሊለውጠው አይችልም። ለቃር የሚያጋልጥ ቅጂ የወረሱ ሰዎች በልብ ሕመምም ይበልጥ የሚያዙ ከሆነ ቃር ራሱ ምክንያት ነው ብለን እንድንጠረጥር በቂ ምክንያት አለን። ሐሳቡን ማርታይን ካታን እ.ኤ.አ. በ1986 ላንሴት ላይ በወጣች አጭር ደብዳቤ አነሡት፤ ጆርጅ ዴቪ ስሚዝና ሻህ ኢብራሂም በ2003 አስፋፍተው አቀረቡት። ስሙ ሜንዴሊያን ራንደማይዜሽን፣ በአጭሩ ኤምአር ነው።

ዘዴው በልብ ሕክምና ያስገኘው ፍሬ ትልቅ ነው። በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ፒሲኤስኬ9 የተባለውን ጂን የሚያሰናክል ለውጥ የወረሱ ጥቁር አሜሪካውያንን ተከታትሎ ነበር። ጎጂ ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ ያን ጂን ዒላማ ያደረጉ መድኃኒቶች አሉ። በ2012 ደግሞ «ጥሩ» የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚጨምሩ የዘረመል ለውጦች ልብን እንደማይጠብቁ ታወቀ፤ ለዓመታት የታመነበት ትስስር ምክንያታዊ አልነበረም ማለት ነው።

ማስረጃው የሚቆመው ግን ሦስት ሁኔታዎች ሲሟሉ ብቻ ነው። አንደኛ፣ የመረጥነው የዘረመል ልዩነት ከሆድ ሕመሙ ጋር በእርግጥ መያያዝ አለበት። ሁለተኛ፣ ከአደናጋሪዎቹ ጋር መያያዝ የለበትም። ሦስተኛ፣ ወደ ልብ የሚደርሰው በሆድ ሕመሙ በኩል ብቻ መሆን አለበት፤ ሌላ አቋራጭ ሊኖረው አይገባም። የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ይለካልናል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የሚመረምረው ግን የሥነ ሕይወት ዕውቀት ያለው ሰው ነው፤ አብዛኛው ደካማ ጥናት የሚወድቀውም በሦስተኛው ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አጥብቡ

«የሆድ ሕመም ልብን ይጎዳል ወይ?» የሚለው ሊጠና የሚችል ጥያቄ አይደለም። መነሻው የትኛው ሕመም እንደሆነ፣ መድረሻውም የትኛው የልብ በሽታ እንደሆነ ቁርጥ ባለ ቃል መጻፍ አለበት።

በመነሻ በኩል እኔ የምመክረው የአሲድ ወደ ላይ መመለስን፣ ማለትም ቃርን ነው። ሰፊ የዘረመል መረጃ አለው፤ በአካባቢያችንም የብዙ ሰው ችግር ነው። የአንጀት መቆጣት ሕመም ጥሩ መረጃ ቢኖረውም በ2021 የወጣው ትልቁ ጥናት 53,400 ታማሚዎችን ይዞ ያገኘው ስድስት የዘረመል ቦታዎችን ብቻ ነው፤ በስድስት ቦታ ብዙ ምርመራ ማካሄድ አይቻልም። ክሮንስና አልሰረቲቭ ኮላይተስ የተባሉት የአንጀት ብግነቶች በመረጃ የበለጸጉ ናቸው፤ በ2017 ብቻ 25,042 ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት ወጥቷል። ይሁንና ወደ ሆስፒታሎቻችን ሆዱን ይዞ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ችግሩ እነዚህ አይደሉም።

ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን የሚመርጡ ብዙ ይሆናሉ፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ባክቴሪያው ከዘር አይመጣም። ከርሱ ጋር ተያይዘው የተገኙት እንደ ቲኤልአር1 ያሉ ጥቂት የዘረመል ቦታዎች የሚነግሩን በዋናነት ሰውነት ለባክቴሪያው ስለሚሰጠው የመከላከል ምላሽ ነው። መያዝና ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ደግሞ አንድ አይደሉም።

በመድረሻ በኩል የሚሠራው ጥንቃቄ ለእኛ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። በአገራችን በተለይ በወጣቶች ላይ ከምናየው የልብ ሕመም ብዙው በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣውና የልብ ቫልቮችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ግዙፍ የዘረመል ጥናቶች ደግሞ በአብዛኛው የሚመለከቱት የልብ ደም ሥር መጥበብን ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። በደም ሥር መጥበብ ላይ ያገኛችሁትን ውጤት «የልብ ሕመም» በሚል ጥቅል ስም አትጻፉት፤ አንባቢያችሁ የቫልቭ ሕመም ያለባትን ልጁን ሊያስብ ይችላል።

ጥያቄው ከተወሰነ በኋላ ምን እንደምትሠሩ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደምትሠሩና ዋናው ውጤት የትኛው እንደሚሆን መረጃውን ከማየታችሁ በፊት ጻፉ። አምስት የሆድ ሕመሞችን ከሦስት የልብ በሽታዎች ጋር ልትፈትሹ ካሰባችሁ አሥራ አምስት ፈተና ነውና የምትቀበሉት የፒ ዋጋ (ትስስር ባይኖር እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል) 0.05 ሳይሆን ለ15 ተካፍሎ 0.0033 ይሆናል።

ደረጃ 2፦ መረጃውን አሰባስቡ

የሚያስፈልጋችሁ የግለሰቦች ዲኤንኤ አይደለም። የመላ ጂኖም ቅኝት ጥናቶች (ጂዋስ) በነፃ የሚለቋቸው የማጠቃለያ ፋይሎች ናቸው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ በአንዲት የዲኤንኤ ፊደል የሚለይ አንድ ቦታ፣ ተመራማሪዎች ስኒፕ የሚሉት፣ ከነተጽዕኖው መጠን፣ ከነመደበኛ ስህተቱ (ግምቱ ምን ያህል እርግጠኛ እንዳልሆነ የሚለካው) እና ከነፒ ዋጋው ይገኛል። ፋይሎቹ በጂዋስ ካታሎግና በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሚያስተዳድሩት ኦፕን ጂዋስ ላይ አሉ። ኦፕን ጂዋስ ከ2024 ወዲህ ተመዝግቦ የመግቢያ ቁልፍ መቀበልን ይጠይቃል፤ ምዝገባው ነፃ ነው።

ለቃር በ2022 የታተመው ጥናት 129,080 ታማሚዎችንና 473,524 ጤነኞችን ያካተተ ነው። ለልብ ደም ሥር መጥበብ ሁለት ትልልቅ ምርጫዎች አሉ። በ2015 የወጣው የካርዲዮግራም ጥናት 60,801 ታማሚዎችና 123,504 ጤነኞች አሉት፤ በ2022 የወጣው ደግሞ 181,522 ታማሚዎችን ይዟል። ብዙ ሰው ትልቁን ይመርጣል። እኔ ለዋናው ትንተና የድሮውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አዲሱ የዩኬ ባዮባንክን፣ ማለትም የብሪታንያን ግዙፍ የጤናና የዘረመል መዝገብ፣ ሰዎች አካቷል፣ የቃሩም ጥናት እንዲሁ። ያው ሰው በሁለቱም በኩል ከገባ ውጤቱ ልናመልጠው ወደፈለግነው የተዛባ ትስስር ያዘነብላል። ትልቁን ለማመሳከሪያ በሁለተኛ ደረጃ ተጠቀሙበት። የፊንላንዱ የዘረመል ጥናት ፊንጄንም ከዩኬ ባዮባንክ ጋር የማይደራረብ ሌላ አማራጭ ነው።

ፋይሎቹ ከባድ ናቸው፤ አንዳንዱ ከአንድ ጊጋባይት ይበልጣል። ኔትወርኩ ፋታ በሚያገኝበት በሌሊት አውርዱ፤ የወረደውን ሳትፈቱ ቅጂውን በሌላ ዲስክ አስቀምጡ። በኤክሴል እንዳትከፍቱት። ኤክሴል ከ1,048,576 መስመር በላይ አይዝም፤ የጂዋስ ፋይል ግን ሚሊዮኖች መስመሮች አሉት፣ የቀረው ይቆረጣል። አንዳንድ የጂን ስሞችንም ወደ ቀን ይለውጣል። ሥራው የሚሠራው አር በተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ነው፤ ቱ ሳምፕል ኤምአር እና ሜንዴሊያን ራንደማይዜሽን የሚባሉት ጥቅሎቹ አብዛኛውን ስሌት ይሸፍናሉ። መብራት ሲጠፋ ከመጀመሪያው እንዳትነሡ የየደረጃውን ውጤት በየራሱ ፋይል አስቀምጡ። ፋይሉ በየትኛው የጂኖም እትም እንደተዘጋጀም አረጋግጡ፤ የድሮዎቹ በአብዛኛው በ37ኛው፣ ፊንጄን ደግሞ በ38ኛው ነው። የቦታ ቁጥሮቹ አይገጥሙም።

ደረጃ 3፦ ስኒፖቹን ምረጡ

የተለመደው መሥፈርት የፒ ዋጋው ከ0.00000005 በታች መሆኑ ነው። ቁጥሩ የመጣው 0.05ን በጂኖም ላይ ላሉት አንድ ሚሊዮን ገደማ ነፃ ፈተናዎች በማካፈል ነው። አጎራባች ስኒፖች አብረው ስለሚወረሱ ከእያንዳንዱ ሠፈር ጠንካራውን ብቻ አስቀሩ፤ ዝምድናቸው በአር ስኩዌር ከ0.001 ያነሰ፣ ርቀታቸውም ከ10,000 ኪሎቤዝ (ከ10 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል) የሰፋ ይሁን። ይህንን በኢንተርኔት በኩል ማሠራት ይቻላል። የመስመሩ መቆራረጥ ካስቸገራችሁ ፕሊንክ የተባለውን ፕሮግራምና ስኒፖች እንዴት አብረው እንደሚወረሱ የሚያሳየውን የማመሳከሪያ ፋይል አንዴ አውርዳችሁ በራሳችሁ ማሽን ሥሩት።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ስኒፕ ጥንካሬ ለኩ። የተጽዕኖውን መጠን ለመደበኛ ስህተቱ አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ ስታባዙት የኤፍ ዋጋን ታገኛላችሁ፤ ከ10 በታች የሆነው ደካማ ነው።

መሥፈርቱን ማላላት ፈታኝ ነው። በተለይ የአንጀት ባክቴሪያዎችን በሚመለከቱ ጥናቶች ላይ በቂ ስኒፕ ስላልተገኘ ብቻ ገደቡን ወደ 0.00001 ያላሉ ሥራዎች ብዙ ናቸው። ስኒፖቹ በአጋጣሚ የተመረጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ የሚወጣው ውጤት አያስተማምንም። ስኒፕ ከሌለ ጥያቄው በዚህ ዘዴ አይመለስም፤ ሌላ ጥያቄ ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ እያንዳንዱን ስኒፕ መርምሩ

ብዙዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል የምለው ደረጃ ይህ ነው። የስኒፕ ዝርዝሩን በወረቀት አትማችሁ ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ በአቅራቢያው ያለው ጂን የትኛው እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ በጂዋስ ካታሎግ ላይ ከምን ከምን ጋር እንደተያያዘ በየረድፉ ጻፉ። ከዚያም «ይህ ስኒፕ በቃር በኩል ሳያልፍ ልብ ጋ ሊደርስ ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁላችንም የምናውቀውን የደም ዓይነትን ለምሳሌ እንውሰድ። የኦ ደም ዓይነት ያላቸው ሰዎች በጨጓራና በትንሹ አንጀት ቁስለት ይበልጥ እንደሚያዙ በብሪታንያ በ1954 ታትሟል፤ በኋላም የጃፓን ተመራማሪዎች ኤቢኦ የተባለውን የደም ዓይነት ጂን ከትንሹ አንጀት ቁስለት ጋር አያይዘው አገኙት። አሁን አንድ ተማሪ ይህንን ስኒፕ የቁስለት ወካይ አድርጎ ወደ ልብ ጥናቱ ቢያስገባው ምን ይሆናል? ቁስለት ልብን ይጠብቃል የሚል ውጤት ያገኛል። ምክንያቱም ኦ ዓይነት ሰዎች ቮን ዊልብራንድ ፋክተር የተባለው ደምን የሚያረጋ ፕሮቲን በደማቸው ውስጥ ዝቅተኛ ነው፤ የሌሎቹ የደም ዓይነቶች ባለቤቶች ደግሞ በደም መርጋትና በልብ ድንገተኛ ሕመም ይበልጥ ይያዛሉ። ጂኑ ወደ ልብ የደረሰው በደም መርጋት በኩል ነው፤ የጨጓራ ቁስለት በዚህ ውስጥ እጅ የለውም። ስሌቱ በትክክል ተሠርቶም መደምደሚያው ስህተት ይሆናል።

ሌላው ምሳሌ በ12ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ኤስኤች2ቢ3 ነው። በዚህ ጂን ላይ ያለ አንድ ስኒፕ ስንዴና ገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን ከሚቀሰቀሰው የሴሊያክ ሕመም ጋር፣ ከደም ግፊት ጋር፣ ከልብ ድንገተኛ ሕመም ጋርም ተያይዟል። በሴሊያክ ዝርዝር ውስጥ ስታገኙት የደም ግፊት መንገዱን አስቡ። በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው የኤችኤልኤ ሠፈርም እንዲሁ በብዙ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በሽታዎች ውስጥ ስላለ ከዋናው ትንተና አውጡት። አንድ ስኒፕ በብዙ መንገድ መሥራቱ በሙያው ቋንቋ ፕሊዮትሮፒ ይባላል።

ለቃር ከሁሉም የሚከብደው አቋራጭ የሰውነት ክብደት ነው። የቃር ስኒፖች በጥቅሉ ከክብደት፣ ከማጨስ፣ ከድብርትና ከትምህርት ደረጃ ጋር የሚጋሩት ብዙ የዘር መሠረት አለ። ክብደት ራሱ ልብን ስለሚጎዳ እነዚህን ስኒፖች እንዳሉ ብትጠቀሙ የክብደትን ጉዳት በቃር ስም ትመዘግቡታላችሁ። መፍትሔውን በደረጃ 7 እመለስበታለሁ።

የሕመሙ አመዘጋገብም ይመርመር። በእነዚህ ትልልቅ ጥናቶች ውስጥ ቃር አለበት የተባለው ሰው የተለየው በራሱ ገለጻ፣ በሆስፒታል መዝገብና በሚወስደው መድኃኒት ነው። ደረቱን የሚያቃጥለው ልቡ ደም አጥሮት ሆኖ ሳለ ኦሜፕራዞል የታዘዘለት ሰው እዚያ ውስጥ የቃር ታማሚ ሆኖ ተቆጥሯል። በዚህ ምክንያት የልብ ስኒፖች በቃር ዝርዝር ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ይህ ስህተት በእንግሊዝ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም በእኛም ዘንድ ጨጓራ ተብሎ እንዳይታለፍ የሚያነበኝን የጤና ባለሙያ ሁሉ አደራ እላለሁ።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን ፋይሎች አጣጥሙ

በቃሩ ፋይል ላይ ተጽዕኖው የተለካው ለኤ ቅጂ፣ በልቡ ፋይል ላይ ለጂ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልዞሩ ውጤቱ ምልክቱን ይገለብጣል። ሶፍትዌሩ ይህን በራሱ ያደርጋል፤ ኤ ከቲ፣ ሲ ከጂ ጋር የተጣመሩባቸውን ስኒፖች ግን በየትኛው የዲኤንኤ ፈትል ላይ እንደተነበቡ መለየት ይቸግረዋል። የቅጂው ድግግሞሽ ወደ 50 በመቶ የቀረበ ከሆነ ጣሉት። ስንት ስኒፕ በምን ምክንያት እንደወጣ መዝግቡ።

ደረጃ 6፦ አስሉ

አንድ ስኒፕ በእጅ ማስላት የዘዴውን አሠራር በደንብ ያስረዳል። ለምሳሌ ያህል ብቻ የወሰድኳቸው ቁጥሮች እነሆ፦ ስኒፑ በቃር ላይ ያለው ተጽዕኖ 0.05፣ መደበኛ ስህተቱ 0.008 ይሁን። የኤፍ ዋጋው 39 ገደማ ስለሆነ ጠንካራ ነው። በልብ ላይ ያለው ተጽዕኖ 0.010፣ መደበኛ ስህተቱ 0.006 ይሁን። 0.010ን ለ0.05 ስናካፍል 0.2 ይመጣል፤ መደበኛ ስህተቱ 0.006 ሲካፈል ለ0.05፣ ማለትም 0.12 ነው። ይህንን ወደ ኦድስ ሬሾ (የመታመም ዕድልን በሁለት ወገኖች መካከል የሚያነጻጽር ቁጥር) ስንለውጠው 1.22፣ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉም ከ0.97 እስከ 1.55 ይሆናል። ክልሉ 1ን፣ ማለትም ልዩነት የለም የሚለውን፣ ስለሚያቅፍ ከዚህ ስኒፕ ብቻ ምንም መደምደም አይቻልም። የሁሉም ስኒፖች ውጤት ተደምሮ፣ እርግጠኛ የሆነው የበለጠ ክብደት ተሰጥቶት ሲጠቃለል ዋናው ውጤት ይገኛል።

አተረጓጎሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቃር አለ ወይም የለም የሚባል ስለሆነ 1.22 ማለት «ቃር ያለበት ሰው 22 በመቶ የበለጠ ይታመማል» ማለት አይደለም። ለቃር የመጋለጥ የዘር ዝንባሌ በአንድ የሎጋሪዝም ኦድስ ሲጨምር የልብ ሕመም ኦድስ በ1.22 ይባዛል ማለት ነው። ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን 0.2ን በ0.693 አባዙት፤ ለቃር የመጋለጥ ኦድስ በእጥፍ ሲያድግ የሚለውን ይሰጣችኋል፤ እርሱም 1.15 ነው።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን ፈትኑት

ስኒፖቹ የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነገር ከሆነ ደስ ይላል። የኮክራን ኪው መለኪያ እርስ በርስ እንደሚጋጩ ካሳየ ግን ከመካከላቸው አቋራጭ ያለው ሊኖር ይችላል። ኤምአር ኤገር የተባለው ዘዴ የስኒፖቹ የጎንዮሽ ተጽዕኖ በአማካይ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን ያሳያል፤ በስሌቱ ውስጥ ስኒፖቹ ከሚይዙት ክብደት ቢያንስ ግማሹ ከትክክለኛ ስኒፖች የመጣ ከሆነ ደግሞ «ክብደት የተሰጠው ሚዲያን» የተባለው ዘዴ የቀሩትን ስህተት ይቋቋማል። ኤምአር ፕሬሶ ያፈነገጡትን ይለያል። እያንዳንዱን ስኒፕ በየተራ አውጥታችሁ ደግማችሁ አስሉ፤ ውጤቱ በአንድ ስኒፕ ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ወደ ደረጃ 4 ተመልሳችሁ ያንን ጂን አጥኑት።

ለቃር ወሳኙ ፈተና የሰውነት ክብደትንና ማጨስን አብሮ ማስላት ነው። የብዙ ተለዋዋጮች ሜንዴሊያን ራንደማይዜሽን ይባላል፤ ቃርን፣ ክብደትንና ማጨስን በአንድ ስሌት ውስጥ አስገብቶ የቃር የራሱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ይለያል። መጀመሪያ የታየው ትስስር እዚህ ሲደርስ ከቀለጠ በግልጽ ጻፉት። ክብደት ነው እንጂ ቃር አይደለም የሚል ውጤት ለታማሚዎቻችን ከደማቅ ርዕስ ይልቅ ይጠቅማል።

አቅጣጫውንም ገልብጡ፤ የልብ ስኒፖችን መነሻ አድርጋችሁ ወደ ቃር አስሉ። ከላይ ያነሣሁት የተሳሳተ ምርመራ ካለ እዚህ ላይ ፍንጩ ይታያል።

ደረጃ 8፦ ውጤቱ ስለማን እንደሚናገር ጻፉ

እስካሁን የተጠቀምንባቸው ሰዎች በአብዛኛው አውሮፓውያን ናቸው። ውጤቱን ለአንኮበር ወይም ለሸዋ ሮቢት ነዋሪ በቀጥታ ማውረድ አይቻልም፤ ምክንያቱን በወተት ማየት ይቻላል። አውሮፓውያን ጎልማሶች ወተት እንዲፈጩ የሚያስችላቸው ላክቴዝ ከተባለው ጂን በላይ በ13910ኛው ቦታ ላይ ያለ አንድ ለውጥ ነው። በኢትዮጵያና በሱዳን ግን ያንኑ ሥራ የሚሠሩት በአጠገቡ፣ በ13907ኛውና በ13915ኛው ቦታዎች የተገኙ ሌሎች ለውጦች ናቸው። የአውሮፓን ስኒፕ ይዞ ከአጎራባቻችን አፋር አርብቶ አደሮች መካከል ወተት የሚስማማውን ሰው የሚፈልግ ተመራማሪ ብዙውን ያጣዋል። ሰዎቹ ወተት ይጠጣሉ፤ የተፈለገው የዘር ምልክት ግን የእነርሱ አይደለም።

ተያይዘው የሚወረሱ ስኒፖችም ይለያያሉ። በ2012 የታተመ የኢትዮጵያውያን ዘረመል ጥናት እንዳሳየው ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከዘራቸው ከፍ ያለ ድርሻ ከአፍሪካ ውጭ ከመጡ ሕዝቦች ጋር ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት በተደረገ መቀላቀል ያገኙት ነው። ማመሳከሪያ የሆነው የአንድ ሺህ ጂኖሞች ፕሮጀክት ዮሩባንና ኬንያዊ ሉህያን ሲይዝ ኢትዮጵያዊ የለበትም። ስለዚህ የአውሮፓም የምዕራብ አፍሪካም ማመሳከሪያ ለብቻው አይበቃንም። በአፍሪካዊ ዝርያ ሰዎች ላይ የተሠሩ የልብ ጥናቶች ካሉ ትንተናውን በእነርሱ ድገሙ፤ እነርሱም ቢሆኑ በብዛት የምዕራብ አፍሪካ ተወላጆች ስለሆኑ ገደባቸውን ጥቀሱ።

እኛ ልናበረክተው የምንችለው ትልቅ ነገር አለ። ከሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ከ2,700 ሜትር በላይ እስከሆነችው ደብረ ብርሃን ድረስ አየሩና አኗኗሩ የተለያየ፣ በዝምድና ግን የተሳሰረ ሕዝብ አለን። የጨጓራ ሕመምን በኢንዶስኮፒ ወይም በሰገራ አንቲጂን፣ የልብን ሁኔታ በኢሲጂና በአልትራሳውንድ አረጋግጦ፣ የማስታገሻ ኪኒን አጠቃቀምን ጠይቆ በሥርዓት የተያዘ መዝገብ ከዘረመል በፊት መገንባት ያለበት መሠረት ነው። የማጠቃለያ ፋይሎችን ብቻ ስትጠቀሙም ለተቋማችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አሳውቁ። ወደፊት ናሙና የምትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ ደሙ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየውና ቤተሰቡን ጭምር የሚመለከት ነገር ሊገኝበት እንደሚችል ለሰጪው በሚገባው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ንገሩት፤ እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይጓደልበትም አረጋግጡለት።

ደረጃ 9፦ ጽሑፉን አዘጋጁ

በ2021 የወጣውን ስትሮብ ኤምአር የተባለ የአጻጻፍ መሥፈርት ተከተሉ። የተጠቀማችሁበትን የፋይል መለያ፣ የስኒፖቹን ሙሉ ሰንጠረዥ፣ የወጡትንና የወጡበትን ምክንያት፣ ያልተሳካውንም ፈተና ጭምር አስገቡ። በአንድ ቁልፍ የሚመረቱ ጥናቶች ስለበዙ አንዳንድ መጽሔቶች ተጨማሪ ማስረጃ የሌለውን የዚህ ዓይነት ሥራ ሳያነቡ መመለስ ጀምረዋል። የደረጃ 4ን ሰንጠረዥ ከነማብራሪያው ማያያዝ ሥራችሁን ከእነዚያ ይለየዋል። በመጨረሻም በአማርኛ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ጻፉ፤ ውጤቱ የአንድን ግለሰብ ሕክምና ለመወሰን እንደማይበቃና ማንም ያለ ሐኪሙ ምክር መድኃኒቱን ማቆም እንደሌለበት በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስፍራችሁ ለዞኑ ጤና መምሪያና ለሆስፒታሎቹ የውስጥ ደዌ ክፍሎች ላኩት።